በመዝገብ የጎደፈ ስም፦ መከራከር የሚገባን መቼ ነው?



«ሳንሱሲ» በፈረንሳይኛ ቋንቋ «ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰፈራችን ይህን ስም ይሸከም እንጂ፣ ያለ ሐሳብ የሚያድርበት ቤት ጥቂት ነው። የልጆች ትምህርት፣ የቤት ኪራይ፣ የሸቀጥ ዋጋ መናር፣ ከእነዚህም ጋር ብድር አለ። ሱቁን ለማስፋት፣ የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት፣ የታመመ ለማሳከም ያልተበደረ ወይም ለተበዳሪ ዋስ ያልሆነ ሰው በየቁምስናችን ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚህም የተነሣ በዘመናችን አዲስ የሚመስል፣ በመሠረቱ ግን እጅግ የቆየ ጥያቄ ይነሣል። «አበዳሪው ስለ እኔ በመዝገቡ ያሰፈረው ክፉ ነገር ቢኖር መከራከር ይገባኛልን? ወይስ ክርስቲያን እንደ መሆኔ ዝም ብዬ ልቀበለው?» የሚል አለ። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የተጻፈብኝ እውነት ቢሆንስ? ቤተሰቤ ከሚቸገር ክጄ ባሰርዘው ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ከገንዘብ አልፈው ስለ ስም፣ ስለ እውነትና ስለ ፍትሕ የሚጠይቁ ናቸውና፣ በሥርዓት ልንመረምራቸው ይገባል።

፩. ስም ከአንደበት ወደ መዝገብ

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። መጽሐፈ ምሳሌና መጽሐፈ ሲራክም መልካም ስም ከብዙ ሀብት እንደሚበልጥ ያስተምራሉ። በቀድሞው ኑሯችን የሰው ታማኝነት የሚመዘነው በሚያውቁት ሰዎች አንደበት ነበር፤ ዛሬም በዕቁብ ይህ ልማድ አልጠፋም። ዕቁብ የወጣለት አባል ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ እንዲጠራ ይጠየቃል፤ ዋሱም የሚቆምለት ሰውየውን፣ ቤቱንና ሥራውን አውቆ ነው። ጸሐፊው ተሳስቶ ያልከፈለ አድርጎ ቢጽፈው፣ አባሉ በዚያው ዕለት ተነሥቶ «ባለፈው እሑድ ከፍያለሁ፤ አጠገቤ የነበረው ሰው ምስክሬ ነው» ማለት ይችላል። መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ቢሆንም በሁሉ ፊት ይነበባልና ስሕተቱ ውሎ ሳያድር ይታረማል።

ከዚያ አስቀድሞም በአገራችን የቁራኛ ሥርዓት ነበር። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። የሰውን ክብር የሚያዋርድ ጽኑ ሥርዓት ነበርና ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ በዚያ ሰንሰለት የታሰረው ባለዕዳው ብቻ አልነበረም፤ ባለገንዘቡም አብሮ ታስሯል። ባለዕዳው በሄደበት ይሄዳል፤ ችግሩን በዓይኑ ያያል፤ ምክንያቱን በጆሮው ይሰማል። የዛሬው ሰንሰለት ግን አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ነው። ባለዕዳውን በመዝገብ ያስረዋል፤ መዝገቡን የጻፈው ሰው ግን የባለዕዳውን ፊት ከቶ ላያይ ይችላል። የጥያቄያችን ክብደት ከዚህ ይጀምራል።

፪. የመዝገቡ አሠራር

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከልን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ደንግጓል። አበዳሪዎች ለማን ምን ያህል እንዳበደሩና አከፋፈሉ እንዴት እንደሆነ ወደ ማዕከሉ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ሲጠየቁም የጠያቂውን ታሪክ ከዚያ ይመለከታሉ። በባንኮች አሠራር መክፈያ ጊዜው 90 ቀንና ከዚያ በላይ ያለፈበት ብድር በተበላሸ ብድርነት ይመደባል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በመተባበር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ አገልግሎቶችን ስለ ጀመረ፣ ባንክ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ በስልኩ ጥቂት ብር ተበድሮ የብድር ታሪክ ያለው ሰው ሆኗል።

ይህ አሠራር በራሱ ክፉ አይደለም። አበዳሪው የሚያበድረው የሌሎችን ቁጠባ ነው፤ የአንዲት ባልቴት ጥቂት ብር በውስጡ አለበት። በየባንኩ እየዞረ ተበድሮ የማይከፍል ሰው ባይታወቅ፣ ጉዳቱ በመጨረሻ በቆጣቢዎችና በታማኝ ተበዳሪዎች ላይ ይወድቃል። ከዚህም በላይ ቤትና መሬት ለመያዣነት የሌለው ድኃ በጊዜው የመክፈል ታሪኩ በእውነት ቢመዘገብለት፣ ታማኝነቱ ራሱ እንደ መያዣ ሊቆጠርለት ይችላል።

ሆኖም መዝገብ የሰው ሥራ ነውና ይሳሳታል። እኛ ኢትዮጵያውያን በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም እንጠራለን፤ በአንድ ከተማ ሦስቱም ስም የሚገጥም ሰው ሞልቷል። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም በሁለትና በሦስት ዓይነት ይጻፋል። የአንዱ ዕዳ በሌላው ሊጻፍ፣ የተከፈለ ገንዘብ ሳይመዘገብ ሊቀር፣ ተከፍሎ ያለቀ ብድር ሳይዘጋ ሊቆይ፣ ዋሱም እንደ ተበዳሪ ሊቆጠር ይችላል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያ ቁጥር እንዲኖረው መንገድ መክፈቱ የስም መመሳሰልን ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ የቸልተኝነትን ችግር ግን መታወቂያ አያቃልለውም።

በዚህ ረገድ ብዙ ዘመን የቆየ ልምድ ያላት አሜሪካ ምሳሌ ትሁነን፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ነገሩን በሚገባ ያውቁታል። በዚያ አገር ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት ታላላቅ ድርጅቶች የሕዝቡን የብድር ታሪክ ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን አይቶ እንዲከራከር መብት ይሰጠዋል፤ ድርጅቱም በመደበኛ አሠራር በ30 ቀናት ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። እንደዚህ ያለ ሕግ ለብዙ ዓመታት ከሠራ በኋላ እንኳ፣ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት ከአምስት ሰዎች አንዱ ከሦስቱ መዛግብት ቢያንስ በአንዱ ስሕተት እንደ ተገኘበት ተረጋግጧል። በዚያ እንዲህ ከሆነ፣ በእኛም አገር የሚቀርበውን አቤቱታ «መዝገብ አይዋሽም» ብሎ መመለስ ከእውቀት የራቀ ነው።

፫. የሐሰት መዝገብ፦ መከራከር ግዴታ የሚሆንበት

በሰው ላይ የሚጻፍ ክፉ ነገር ሦስት ዓይነት ነው፤ ሐሰት የሆነ፣ እውነቱ የጎደለ፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ እውነት የሆነ። ለሦስቱም አንድ መልስ መስጠት ስሕተት ላይ ይጥላል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ሐሰት የሆነውን በሚመለከት አንዳንድ ምእመናን «ክርስቶስ በከሳሾቹ ፊት ዝም አላለምን? እኔም ስለ ስሜ ባልከራከር ትሕትና አይደለምን?» ይላሉ። መልካም ልብ የወለደው አሳብ ነው፤ ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍን በሙሉ አላየም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው፣ ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት ሎሌው በጥፊ በመታው ጊዜ፣ ክፉ ተናግሮ እንደ ሆነ እንዲመሰክርበት፣ መልካም ተናግሮ እንደ ሆነ ግን ስለ ምን እንደሚመታው ጠይቆታል። ይህም ማስረጃ መጠየቅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ በአደባባይ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ፣ ገዥዎቹ በስውር ሊያሰናብቱት በፈለጉ ጊዜ አልወጣም፤ እነርሱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። በአደባባይ የተዋረደ ስም በጓዳ አይታደስምና። ከዚያም በላይ፣ ያቺ ገና የተወለደች የፊልጵስዩስ ማኅበር የወንጀለኛ ደቀ መዝሙር ተብላ እንዳትቀር አስቦላታል ብንል ከታሪኩ አንርቅም።

ምክንያቱ ይህ ነው፤ ስማችን የእኛ ብቻ አይደለም። ቅዱስ አጎስጢኖስ ሕሊናችን ለራሳችን፣ መልካም ስማችን ግን ለባልንጀራችን እንደሚያስፈልግ አስተምሯል። የአንድ አባት ስም በሐሰት ተጽፎ ብድር ቢከለከል፣ የሚጎዱት ልጆቹ፣ በሥራው የሚተዳደሩ ሠራተኞች፣ ዋስ የሆኑለት ጎረቤቶች ናቸው። ባንክ የዘጋበት ሰው በመጨረሻ የሚሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነው፤ ከዚያ ቤት ደግሞ ንብረቱን ይዞ የሚወጣ ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን አደጋ አስቀድማ አውቃ ነበር፤ በ15ኛው መቶ ዓመት የፍራንቸስካውያን መነኮሳት በጣልያን አገር ድኆችን ከአራጣ የሚያድኑ የብድር ቤቶች እንዲቋቋሙ ሰብከዋል፤ የፔሩጃው እ.ኤ.አ. በ1462 ተቋቋመ፤ አምስተኛው የላተራን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1515 ሥራቸውን አጽድቋል። እንግዲህ ድኃን ከሐቀኛ ብድር የሚያርቅ የሐሰት ጽሕፈት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ትሕትና የራስን እውነተኛ በደል ማመን እንጂ፣ የሌላውን ሰው ስሕተት በራስ ላይ እንዲቆይ መፍቀድ አይደለም። ሐሰትን እያወቁ በመዝገብ መተው ለሐሰት ማደሪያ መስጠት ነው። ነገ ያው መዝገብ ሌላውን ባለስም ያስራል።

፬. እውነቱ የጎደለ መዝገብ

ሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ ረቂቅ ነው። የተጻፈው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ለምሳሌ አንዲት እናት ታማ ሦስት ወር ሳትከፍል ቆየች እንበል፤ ከዳነች በኋላ ወለዱንና መቀጫውን ጭምር ከፍላ ጨረሰች። መዝገቡ ግን ያልከፈለችበትን ሦስት ወር ብቻ ይዞ ቀረ። «አልከፈለችም» የሚለው በጊዜው እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን ሐሰት ሆኗል። እውነት ጊዜ አላትና፣ የትናንትን እውነት እንደ ዛሬ አድርጎ ማቅረብ ከሐሰት ይቆጠራል። ይህች እናት መዝገቡ እንዲሟላላት ብትጠይቅ ካህንም ዳኛም አይነቅፋትም። ልትጠይቅ የማይገባት፣ ሦስቱ ወራት ከቶ እንዳልነበሩ ሆነው እንዲጻፉላት ነው።

ከዚህ ክፍል የሚመደብ ሌላም አለ፤ ይኸውም ምክንያቱ ከተበዳሪው ፈቃድ ውጭ የሆነ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረውና በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት በቆመው ጦርነት፣ በትግራይ ባንኮች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ነበር። በእጁ ገንዘብ የነበረው ነጋዴ እንኳ የሚከፍልበት መስኮት አልነበረውም። በዚያ ዘመን የተቆጠረው ወለድና መቀጫ ከጦርነቱ በኋላ ነጋዴዎችንና ባንኮችን አከራክሯል። በሥነ ምግባር ትምህርት ማንም ሊያደርገው ያልቻለውን ባለማድረጉ ጥፋተኛ አይባልም። እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ሰው ስም ላይ «ከፋይ አይደለም» ብሎ መጻፍና ምክንያቱን መተው፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ፍርዱን ጠማማ ያደርገዋል። ትምህርተ ክርስቶሳችን በቁጥር 2477 ከሚጠቅሳቸው ኃጢአቶች አንዱ የችኮላ ፍርድ ነው፤ ይኸውም በቂ መሠረት ሳይኖር የባልንጀራን ጥፋት እንደ እውነት መቀበል ነው።

፭. እውነተኛ መዝገብ፦ መካድ የማይገባበት

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። የተጻፈብኝ እውነት ነው፤ ሙሉም ነው፤ ተበድሬ መክፈል ስችል አልከፈልሁም። ችግር ቢይዘኝ ልክደው እችላለሁን?

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተሰኘው ታላቅ ድርሰቱ ስለ ተከሳሽ ግዴታ ሲያስተምር ሁለት ነገሮችን ይለያል። ተከሳሽ ሊናገር ግዴታ የሌለበትን ነገር ዝም ማለት ይችላል፤ በሕግ በሚገባ ሲጠየቅ እውነትን መካድ ወይም ራሱን ለማዳን በሌላው ላይ ሐሰት መናገር ግን አይፈቀድለትም። ራስን መከላከል የተፈቀደ ነው፤ ሐሰትን መሣሪያ ማድረግ ግን የተከለከለ ነው። ይህ ትምህርት ለጥያቄያችን በቀጥታ ይሆናል። ተበዳሪው ምክንያቱን ማስረዳት፣ ጊዜ መለመን፣ ክፍያው እንዲሸጋሸግለት መጠየቅ ይችላል። የውሸት ደረሰኝ ማቅረብ፣ «ያ ሰው እኔ አይደለሁም» ማለት፣ በሚስቱ ወይም በወንድሙ ስም ተሰውሮ እንደገና መበደር ግን ስርቆት ከሐሰት ጋር ነው።

በአሜሪካ አገር ይህን ፈተና ንግድ ያደረጉት አሉ። ክፍያ እየተቀበሉ «የተበላሸ የብድር ታሪክ እናጸዳለን» የሚሉ ድርጅቶች፣ እውነት የሆነውንም ሐሰት የሆነውንም ሁሉ እንዲያስተባብል ሰውን ያበረታቱ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ የሐሰት ቃል እንዲሰጥ ማማከርንና አገልግሎቱ ሳይፈጸም ገንዘብ መቀበልን ከለከለ። በየትም አገር ቢሆን «ገንዘብ ስጠኝ፣ ስምህን አስፍቅልሃለሁ» ከሚል ደላላ ምእመናን ሊጠነቀቁ ይገባል። በእውነት የሚታረም ነገር ካለ ባለቤቱ በነጻ ሊጠይቀው ይችላል፤ የማይታረም ከሆነ ደግሞ ደላላው የሚሸጠው ሐሰትን ወይም ጉቦን ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን መጋቢ የሚያስታውስ ሰው፣ «እርሱ የባለዕዳዎቹን ጽሕፈት አስለውጦ ተመስግኖ የለምን?» ይል ይሆናል። የተመሰገነው ለሚመጣው ቀን አስቦ መትጋቱ ነው፤ ወንጌሉ ራሱ ዓመፀኛ ብሎ ጠርቶታል። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 19 ያለው ዘኬዎስ ለእኛ የተሻለ አርአያ ነው። የወሰደውን ማንም በመዝገብ ሳያሳየው ራሱ ቆጥሮ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ስሙ የታደሰው በመካድ አልነበረም፤ በመክፈል ነበር።

ደግሞም ይህን እናስተውል፤ እውነተኛውን ዕዳ የሚክድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚበድለው በሐሰት የተጻፈበትን ሰው ነው። ሐሰተኛ አቤቱታዎች ሲበዙ ሠራተኛው አቤት ባይን ሁሉ መጠራጠር ይለምዳል፤ እውነተኛውም ሰው በር ላይ ይመለሳል። ሐሰትን የመቃወም ግዴታና እውነትን ያለመካድ ግዴታ ከአንዱ የእውነት ፍቅር የሚወጡ ናቸው። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተው ሁለቱንም ያጣል።

፮. የዋሱ ነገር

በየሰፈራችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው የዋሱ ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1920 እንደ ደነገገው፣ ዋስ የሆነ ሰው ተበዳሪው ባይከፍል እርሱ ሊከፍል ግዴታ ይገባል። በቁጥር 1922 ደግሞ ዋስትናው የሚደርስበት ከፍተኛ መጠን ካልተገለጸ ዋጋ እንደሌለው ይናገራል። በአንድነት ዋስ የሆነን ሰው አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይከስስ በፊት ሊጠይቀው እንደሚችል በቁጥር 1933 ተደንግጓል። ስንቱ ምእመን ይህን አውቆ ነው የሚፈርመው?

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 29 ሁለቱንም ወገን ሚዛናዊ አድርጎ ይመክራል፤ መልካም ሰው ለባልንጀራው ዋስ እንደሚሆን፣ ዋስትና ግን ብዙዎችን እንዳጠፋ ይናገራል፤ የዋሱን ውለታ መርሳትንም ይነቅፋል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት የሰውየው ዕዳ በራሱ ላይ እንዲቆጠር ጠይቋል፤ እከፍላለሁም ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል። ዋስ መሆን እንግዲህ የፍቅር ሥራ ነው። ከዚህ የተነሣ ዋሱን ከድቶ የሚሰወር ተበዳሪ በገንዘቡ ላይ የባልንጀራውን ስም ጨምሮ ይሰርቃል፤ ወደ ምሥጢረ ንስሐ ሲቀርብም ገንዘቡን ለመመለስ መወሰኑ ብቻ አይበቃውም፤ አበዳሪው ዘንድ ሄዶ ጥፋቱ የእርሱ እንጂ የዋሱ እንዳልሆነ ሊመሰክር ይገባዋል።

፯. መዝገቡን ስለሚጽፍ ሰው

እስካሁን የተናገርነው ለተጻፈበት ሰው ነው። ነገር ግን ከምእመናኖቻችን መካከል በባንክ፣ በብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በኅብረት ሥራ ማኅበርና በዕድር ጽሕፈት የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። እነርሱም ስምንተኛው ትእዛዝ የሚመለከተው ሐሜተኛን ብቻ እንዳይመስላቸው። በቸልታ የተጻፈ አንድ ቁጥር፣ በአደባባይ ከተነገረ ስም ማጥፋት የበለጠ ሊጎዳ ይችላል፤ የሰው ወሬ ሲሰለች ይረሳል፤ መዝገብ ግን አይረሳም።

ቅዱስ ቶማስ የሰውን ስም በሐሰት ያጎደፈ ሁሉ ሐሰት መናገሩን ገልጾ ስሙን ሊመልስለት እንደሚገደድ ያስተምራል፤ ትምህርተ ክርስቶሳችንም በቁጥር 2487 በእውነትና በፍትሕ ላይ የተፈጸመ በደል ሁሉ ካሣ እንደሚያስፈልገው ያዛል። ስለዚህ ስሕተቱን ያወቀ ሠራተኛ «ጊዜ ሲገኝ አያለሁ» ሊል አይገባውም። መዝገቡን ማረም፣ የታረመውንም ስሕተቱን ላዩት ሁሉ ማሳወቅ፣ የተበደለውንም ይቅርታ መጠየቅ የካሣው ክፍሎች ናቸው። ሁለት ሽማግሌዎች በሶስና ላይ በሐሰት በመሰከሩ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ አምኗቸው ነበር፤ ሶስናን ያዳናት ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ እያንዳንዱን መጠየቁ ነው። አቤቱታ የሚሰማ ሠራተኛ ይህን የዳንኤልን ትጋት ሊይዝ ይገባዋል።

፰. እውነተኛው ጥፋትስ እስከ መቼ ይጻፋል?

እውነተኛውን ዕዳ መካድ አይገባም ብለናል። ይህ ማለት ግን ጥፋቱ ለዘላለም ይጻፍ ማለት አይደለም። የማቴዎስ ወንጌል ጌታ ያስተማረንን ጸሎት በጻፈበት በግሪኩ ቃል በደልን «ዕዳ» ብሎ ይጠራዋል፤ ምሕረትን የምንለምነው ባለዕዳዎች ሆነን ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በየሰባተኛው ዓመት የዕዳ ምሕረት እንዲደረግ አዟል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ደግሞ በኃምሳኛው ዓመት ሁሉም ወደ ርስቱ እንዲመለስ ደንግጓል። በአሜሪካው ሕግም አብዛኛው ክፉ ታሪክ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የኪሣራ ፍርድ ከ10 ዓመት በኋላ ከመዝገብ መውጣቱ፣ ዓለማዊ ሕግ እንኳ የመርሳትን ጥቅም እንዳልዘነጋ ያሳያል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ለ2025ቱ ኢዮቤልዩ ባወጁት ሰነድ ባለጸጋ አገሮች መክፈል ለማይችሉ አገሮች ዕዳቸውን እንዲተዉ ጠይቀው ነበር። ይህ ቃል ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም ገበያ ከሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የሚፈለገውን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ሳትከፍል በመቅረቷ፣ ዓለም አቀፍ መዛኞች ስሟን ከማይከፍሉት ተርታ አሰፈሩት። መንግሥት በበኩሉ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩልነት ለማስተናገድ ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። የአገር ስም በመዝገብ ሲጎድፍ ምክንያታችን እንዲሰማ እንወዳለን፤ እንግዲያስ የጎረቤታችንን ምክንያት ለመስማት ጆሯችንን ልንከፍት ይገባል።

፱. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጥቂት ምክር

በዚህ ጉዳይ ወደ እናንተ የሚመጣ ምእመን ቢኖር፣ በመጀመሪያ በብቻው ሳላችሁ «የተጻፈው እውነት ነውን?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሦስቱ ዓይነት በየትኛው እንደሆነ ሳይለይ ወደ ቢሮ አይሂድ።

ሐሰት ወይም ጎደሎ ከሆነ፣ ደረሰኞቹን፣ የብድር ውሉንና መታወቂያውን ሰብስቦ፣ ስሕተቱ የቱ እንደሆነ ለይቶ፣ በመጀመሪያ መረጃውን ለላከው አበዳሪ በጽሑፍ ያመልክት፤ የማመልከቻውንም ቅጂ አስፈርሞ ያስቀር። መልስ ካላገኘ ወደ ብሔራዊ ባንክ አቤት ይበል። ይህን ሲያደርግ ችሮታ እየለመነ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የክብርና የመልካም ስም መብትን ያውቃል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የተሳሳተ የግል መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ማመልከቻውን መጻፍ፣ አብሮም መሄድ፣ ከምሕረት ሥራዎች ይቆጠራል።

እውነት ከሆነ ደግሞ ወደ አበዳሪው ሄዶ አቅሙን በግልጽ እንዲናገርና የአከፋፈል ስምምነት እንዲለምን አበረታቱት። ብዙ ሰው የሚጠፋው ከዕዳው ብዛት ይልቅ ከአበዳሪው ፊት በመሸሹ ነው። በቁምስናው ማኅበር ሊረዳው የሚችል ቢገኝም፣ እርዳታው ምስጢሩን በመጠበቅ ይሁን፤ እውነት እንኳ ቢሆን የሰውን ጥፋት ያለ በቂ ምክንያት ማውራት ሐሜት ይባላልና።

በመጨረሻም፣ ወዳጆች ሆይ፣ እያንዳንዳችን የምንይዘው መዝገብ አለ። ማን እንዳበደረን፣ ማን እንደ ከለከለን፣ ማን እንዳልከፈለን በልባችን ጽፈናል፤ ከዚያም መዝገብ ብዙው የተጻፈው ሳይመረመር ነው። በዚህ ሳምንት ከመካከላችን አንዱ እንኳ ተከፍሎ ያለቀ ነገር ሳይዘጋ በልቡ የተወውን ሰው ስም ቢያርም፣ ይህን ሁሉ መጻፋችን በከንቱ አይሆንም። እውነተኛ ፈራጅ የሆነ አምላካችን በቃላችንም በጽሕፈታችንም እውነተኞች እንድንሆን ይርዳን።